ንስሩን ማን ሰፋው?

(ፍራንክፈርት ከተማ፣ አንዲት ጠባብ ልብስ መስፊያ ቤት። ጠረጴዛው ላይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን ወታደር ኮትና ቆብ ተዘርግተዋል። ጋሼ ዕድሜያቸውን በስፌት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ወጣቱ ለጨረታ ቤት የዕቃ መግለጫ ይጽፋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ኮቱን ከማየትዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት። ቢሮ ውስጥ ሁለት ባልደረቦቼ ተጣልተውበታል። አንደኛው «ደንቡ ላይ የለም፣ ስለዚህ ፎርጅድ ነው» ብሎ ዘጋው። ሌላው ደግሞ «ግንባር ላይ ማን ደንብ ያከብራል? እንዲያውም ከደንብ መውጣቱ ነው ኦሪጅናል መሆኑን የሚያሳየው» አለ።

ጋሼ፦ ሁለቱም ኮቱን አላዩትም ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ኧረ አይተውታል!

ጋሼ፦ ፊቱን አይተው ይሆናል። ገልብጠውታል? ልብስ የሚመረመረው ከውስጥ ነው። እስቲ መጀመሪያ ምኑ ነው ከደንብ የወጣው? እሱን አስረዳኝ።

ወጣቱ፦ ሁለት ነገር ነው። ኮቱ የተራ ወታደር ነው፣ የ1940ው ዓይነት። ከዚያ በፊት የነበረው የ1936ቱ ኮት ኮሌታው ጥቁር አረንጓዴ ነበር። በ1940 ግን ኮሌታውም እንደ ኮቱ ግራጫ ሆነ። ይሄኛው ግን እንደሚያዩት አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ደረቱ ላይ ያለው ንስር ነው። የተራ ወታደር ንስር በመኪና የተጠለፈ ወይም የተሸመነ ነው። ይሄ በአሉሚኒየም ክር፣ በእጅ የተጠለፈ የመኮንን ንስር ነው።

ጋሼ፦ ያለው በቀኝ ደረት ነው። ደህና። የምድር ጦሩ ከ1934 ጀምሮ ያደርገው የነበረው እዚያ ነው፤ ኤስ ኤስ የሚባሉት የናዚ ፓርቲ ወታደሮች ግን ግራ እጅጌ ላይ ነበር የሚያደርጉት። እሱን እንኳ አሳስተው የሚሰፉ አሉ። እንግዲህ ስማኝ። ትእዛዙ የሚወጣው ከበርሊን ነው፤ መርፌው ያለው ግን በየክፍለ ጦሩ ልብስ ሰፊ እጅ ነው። መኮንኑ ደግሞ የልብስ አበል እየተሰጠው ልብሱን በራሱ ያሰፋል። አንዱ ሰፊ ጥልፉን ያወፍረዋል፣ ሌላው ኮሌታውን ትንሽ ያረዝመዋል። ከመጋዘን የተራ ወታደር ኮት ወስዶ የራሱን ምልክት ያሰፋበት መኮንንም ብዙ ነው፤ በጊዜው የተነሱ ፎቶዎች ሞልተዋል። አረንጓዴው ኮሌታ ደግሞ ኩራት ነበረበት። የሰላሙ ጊዜ ቀለም ነዋ! እሱን ያደረገ ሰው ከጦርነቱ በፊት የገባ ነባር ነኝ ማለቱ ነው። ትናንት የተመለመለ መምሰል የማይፈልግ ሁሉ አረንጓዴ ጨርቅ ፈልጎ ያስለብጥ ነበር።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ሁለተኛው ልክ ነው በሉኛ።

ጋሼ፦ እሱ የባሰበት ነው! የመጀመሪያው ቢበዛ ጥሩ ዕቃ ያስጥልሃል፤ ሁለተኛው ግን ቅራቅንቦውን ሁሉ ያስገዛሃል። «ጦርነት ነው፣ ምን የማይሆን አለ» የምትለዋ አነጋገር ለደላላ ሰርግና ምላሽ ናት። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ማን ነው ያሰፋው? ምን ፈልጎ? ያኔ በእጁ በነበረው ክር ነው ወይስ ዛሬ ሱቅ በሚሸጠው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ይሄ ነገር እዚህ ላይ በመለጠፉ ዛሬ ዋጋው በስንት ጨመረ?

ወጣቱ፦ ዋጋውን ከእውነተኛነቱ ጋር ምን አገናኘው?

ጋሼ፦ ዋናው እሱ ነው እንጂ! ኪሱ በሌላ ዓይነት ክር ተጠግኖ ብታገኘው ማን ለማጭበርበር ብሎ ይሰፋዋል? ምንም አይጨምርለትም፤ ዝም ብለህ ታምነዋለህ። ያልተለመደው ነገር ዋጋውን እጥፍ ካደረገው ግን የምትጠይቀው ማስረጃም እጥፍ ይሁን። አራት እጥፍ ካደረገው አራት እጥፍ። ደንቡን ያከበረ ምልክት በደንቡ ይመሰክርለታል፤ ደንብ የጣሰው ግን ምስክሩን ራሱ ይዞ መምጣት አለበት። በል መብራቱን አቅርበው።

ወጣቱ፦ ከኮሌታው ይጀምሩ።

ጋሼ፦ ከማህተሙ እጀምራለሁ። ገበሩ ላይ አምስት ቁጥሮች አሉ፤ የጀርባ ርዝመት፣ አንገት፣ ደረት፣ ጠቅላላ ርዝመት፣ እጅጌ። ከሥሩ «ኤም 41» ይላል፤ ሙኒክ ያለው የጦሩ የልብስ መጋዘን በ1941 ተረክቦታል ማለት ነው። ስለዚህ ከመጋዘን ሲወጣ ኮሌታው ግራጫ ነበር። አሁን አረንጓዴውን ከጫፉ ላይ ቀስ ብለህ አንሳው። ምን ታያለህ?

ወጣቱ፦ ከሥሩ ግራጫው ኮሌታ አለ። አላነሱትም፤ በላዩ ላይ ነው የለበጡት።

ጋሼ፦ የግራጫው ቀለም እንዴት ነው?

ወጣቱ፦ አዲስ ይመስላል። ከኮቱ ትከሻ ይልቅ ደመቅ ያለ ነው።

ጋሼ፦ አሁን ኮሌታው አንገት ላይ የሚታጠፍበትን ቦታ አረንጓዴው ላይ ፈልግ። የተላላጠ፣ የጠቆረ፣ ሲነካ የሚያዳልጥ መስመር አለ። የአንገት ላብና ቅባት ነው። ከሥር ያለው ግራጫ ላይ ግን በዚያው መስመር ምንም የለም። ይሄ ኮሌታ የተለበጠው በ1980ዎቹ በአንድ ጓዳ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ላቡ ከታች፣ ንጹሑ ከላይ ይሆን ነበር። ኮቱን ለብሶ የላበው ሰው የላበው በአረንጓዴው ላይ ነው። ስፌቱም የሠለጠነ እጅ ነው፤ ክሩ ከላይ አይታይም፣ ከታችም ጨርቁን አልሸበሸበውም። ኮሌታውን አምነዋለሁ።

ወጣቱ፦ ንስሩስ?

ጋሼ፦ ንስሩ ያስቸግራል። መጀመሪያ ጥልፉን እንይ። አሉሚኒየም ክር እንደ ብር አይጠቁርም፤ ይፈዛል፣ ግራጫ ይሆናል። ይሄም ፈዟል፤ በተለይ የሚፋተገው የክንፉ ጫፍ ላይ። እስካሁን ደህና ነው። ግን ጥልፉ አሮጌ መሆኑ ምንም አይነግረኝም፤ አሮጌ ንስር ለብቻው ገበያ ላይ ሞልቷል። አሜሪካኖቹ ከድል በኋላ ከየሬሳውና ከየምርኮኛው እየቆረጡ ማስታወሻ ብለው በካርቶን ይዘው ሄደዋል። አንዳንዱም አገሩ ገብቶ ለልጆቹ ለማሳየት ብሎ ባዶ ኮት ላይ መልሶ ሰፍቶታል። ያ ሰው አጭበርባሪ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ንስሩ እውነተኛ፣ ኮቱ እውነተኛ፣ ጋብቻቸው ግን የኋላ ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ በምን ይለያል?

ጋሼ፦ በቀዳዳ። የተራ ወታደር ኮት ከፋብሪካ ሲወጣ ንስሩ ቀድሞ ተሰፍቶበት ነው፤ ገበሩ ከመግባቱ በፊት። ስለዚህ የፋብሪካው ስፌት ገበሩ ላይ አይወጣም። ይሄን ኮት መኮንን ወስዶት ከነበረ፣ ሰፊው የፋብሪካውን ንስር ተርትሮ የራሱን ሰፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከአዲሱ ንስር ሥር የአሮጌው የመርፌ ቀዳዳዎች መኖር አለባቸው።

ወጣቱ፦ እኔ እኮ ድርብ ቀዳዳ ሳይ ፎርጅድ ነው ብዬ እጥል ነበር!

ጋሼ፦ እዚህ ግን ባይኖር ነው የምጠራጠረው። ና፣ ከጎን ተመልከት። ከክንፉ ሥር በሱፉ ላይ የመኪና ቀዳዳዎች በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፤ ጠጉሩ ሊሸፍናቸው ደርሷል። በላያቸው ደግሞ የእጅ ስፌቱ አለ። አሁን አንዱን ክር በመርፌ ጫፍ ሳብ አድርገህ ክሩ የተኛበትን ቦታ እየው።

ወጣቱ፦ ከክሩ ሥር ሱፉ ንጹሕ ነው። ዙሪያው ቆሽሿል።

ጋሼ፦ ክሩም ከሱፉ ጋር አብሮ ቆሽሿል። አቧራው ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ነው የሸፈናቸው። አሮጌ ክር ያለው አጭበርባሪ ሞልቷል፤ ከሰልባጅ ገበያ በጥቅል ይገዛዋል። የሰማንያ ዓመት አቧራ በስፌቱ ላይ ማስተኛት ግን ከባድ ነው። የሻይ ውኃ የሚቀቡ አሉ፤ እሱ ግን ጨርቁን እኩል ያቀልመዋል፣ ከክሩ ሥርም ይገባል።

ወጣቱ፦ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ አልትራቫዮሌት መብራት ነው። እሱን አይጠቀሙም?

ጋሼ፦ እንዴት አልጠቀምበትም? መጋረጃውን ዝጋው። እየው፣ ክሩ አያበራም። ከጦርነቱ በኋላ በክርና በሳሙና ውስጥ በብዛት የገባው ማንጫ በዚህ መብራት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይፈካል። ግን ተጠንቀቅ። አንዲት አሜሪካዊ እናት በ1960 ኮቱን በዘመናዊ ሳሙና አጥባው ቢሆን ሁሉም ያበራ ነበር፤ ያ ማለት ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። የሚያጋልጠው ልዩነቱ ነው። ኮቱ ጨለማ ሆኖ ክሩ ብቻ ከበራ፣ ያ ክር ትናንት የገባ ነው። ቁራጭ ካገኘህ ደግሞ አቃጥለው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል፤ ፖሊስተር ደግሞ በ1941 እንግሊዝ ውስጥ የተፈለሰፈ፣ ገበያ የደረሰው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የጀርመን ወታደር ኮት ላይ ከተገኘ ክርክሩ አበቃ።

ወጣቱ፦ የሂትለር ማስታወሻ ተብሎ የተሸጠው ነገር የተጋለጠው በዚህ መንገድ አይደል?

ጋሼ፦ ልክ ነህ። ኮንራድ ኩያው የሚባለው የሽቱትጋርት ሰው ነው የሠራው። «ሽቴርን» መጽሔት ከዘጠኝ ሚሊዮን ማርክ በላይ ከፍሎ በሚያዝያ 1983 አወጣው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የፌዴራሉ ቤተ መዛግብት አስመርምሮ ወረቀቱ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ማንጫ፣ ጥራዙ ላይ ደግሞ ፖሊስተር ያለበት ክር አገኘበት። እኔን የሚገርመኝ ግን ኩያው ማስታወሻውን ከመጻፉ በፊት ይሠራው የነበረው ነው። ነጋዴ ነበር፤ እንደ እናንተው የጦር ዕቃ ይሸጣል። አንድ እውነተኛ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ቆብ ነበረው፤ የብረት ቆብ፣ ጥቂት ማርክ የሚያወጣ። ከሱ ጋር «ሂትለር በ1917 ኢፕር ላይ ያደረገው ነው» የሚል የሂትለር ምክትል የነበረው የሩዶልፍ ሄስ ፊርማ ያለበት የሐሰት ወረቀት አያይዞ ሸጠው። ቆቡን አልነካውም እኮ! የለጠፈው ታሪክ ብቻ ነው። አየህ፣ ዕቃው እውነተኛ ሲሆን ገዢው ዓይኑን ይጨፍናል።

ወጣቱ፦ ታሪክ ካሉ፣ ቆቡ ጋር እንድረስ። ይሄኛው ነው ገንዘቡ ያለበት።

ጋሼ፦ ይቺ ውሻ?

ወጣቱ፦ አዎ፣ በግራ ጎኑ ላይ ያለችው የምትሮጥ ውሻ። የ116ኛው ፓንዘር ክፍለ ጦር ምልክት ናት፤ «ቪንድሁንድ» ይሏታል። ኖርማንዲ፣ ከዚያ ሁርትገን ጫካ፣ ከዚያ አርደን የተዋጉት ናቸው፤ በሚያዝያ 1945 ሩር ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። በደንብ የተፈቀደች አልነበረችም፤ ግን እንዳደረጓት ጥርጥር የለውም፤ ፎቶ አለ።

ጋሼ፦ መኖሯን አልካድኩም። እንዲህ ያለ ነገር በየጦሩ ነበር። ባሕር ሰርጓጆቹን እያቸው። የባሕር ሰርጓጅ አዛዡ ጊንተር ፕሪን በጥቅምት 1939 ስካፓ ፍሎው የሚባለው የእንግሊዞች የባሕር ኃይል ሰፈር ገብቶ ሮያል ኦክ የተባለ ጦር መርከባቸውን ካሰጠመ በኋላ መርከቡ ላይ የሚያናፋ ኮርማ ተሳለበት። ከዚያ ወዲህ ብዙው መርከብ የራሱን ሥዕል መሣል ያዘ፤ መካኒኮቹም ከቆርቆሮና ከነሐስ እየቆረጡ ለቆባቸው ምልክት ያበጁ ነበር። ጄኔራል ሮሜልም ቆቡ ላይ ያጠለቀው መነጽር በ1941 ሊቢያ ላይ ከእንግሊዞች የተማረከ ነው፤ ያንን የሚፈቅድ የጀርመን ደንብ ከየት ይመጣል? ችግሩ ታዲያ እዚህ ነው። በመርከብ ውስጥ በመጋዝ ከተቆረጡ ኮርማዎች ሁለቱ አይመሳሰሉም። ማነጻጸሪያ የለህም። በሽመና የተሠራ ምልክት ቢሆን ጀርባውን አይቼ፣ ክሩን ቆጥሬ ዉፐርታል ከተማ ይሸመን ከነበረው ጋር አስተያየዋለሁ። ለቆርቆሮ ኮርማ ግን ምኑን አስተያያለሁ?

ወጣቱ፦ እኛም አካባቢ እንዲህ ያለ ነበር አሉ። ምጽዋ ላይ መርከባቸው የቆመባቸው ጀርመኖች…

ጋሼ፦ ነበሩ እንጂ። በ1940 ኤርትራ ውስጥ ጣሊያኖቹ ሥር አንድ የጀርመን ሻምበል ተቋቁሞ ነበር፤ አብዛኞቹ የንግድ መርከብ ባሕረኞች ናቸው። የለበሱት የጣሊያን የቅኝ ግዛት ጦር ልብስ ነው። አንድ ሰው ነገ የጣሊያን ሸሚዝ ይዞ መጥቶ የነሱ ነው ቢልህ የማንን ደንብ ታወጣለህ? እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስምና ፎቶ ካልቀረበ እኔ አንድ ዩሮ አልጨምርም።

ወጣቱ፦ ይሄ ቆብ ፎቶ የለውም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ቆቡን ራሱን እንጠይቀው። ሱፉ በፀሐይ ነጥቷል፣ ከፊት ይበልጥ። ውሻዋን ላውልቃት። ከሥሯ ያለው ሱፍ ቀለሙ ምንድን ነው?

ወጣቱ፦ እንደ ዙሪያው ነው። የነጣ።

ጋሼ፦ ጥላ የለም ማለት ነው። አንድ በጋ እንኳ እዚያ ብትቀመጥ ቅርጿን ትተው ነበር፤ ጠጉሩም በተጫነችው ልክ ይተኛ ነበር። ጠጉሩ ቆሟል። ከጀርባ ያሉት ማያያዣዎቿ የገቡባቸው ቀዳዳዎች ጠርዛቸው ስል ነው። ቆቡን ገልብጠው፤ ገበሩ ላይ የዝገት ነጠብጣብ አለ?

ወጣቱ፦ የለም። ማያያዣው ግን ዝጓል።

ጋሼ፦ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው የዛገው። ውሻዋ ራሷ የጦርነቱ ዘመን ልትሆን ትችላለች፤ ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራች። የክፍለ ጦሩ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ነበራቸው፤ ማኅበር ባለበት ደግሞ መታሰቢያ ፒን አይጠፋም። እዚህ ቆብ ላይ የተሰካችው ግን ቆቡ ካረጀ በኋላ ነው።

ወጣቱ፦ ባለቤቱ ያዝናል። አባቱ የገዛው ነው አለኝ።

ጋሼ፦ አባቱም ተታልሎ ይሆናል። ሰውየውን አትክሰሰው፤ ዕቃውን ብቻ ጻፍ።

ወጣቱ፦ አንዳንዴ ግን ራሴን እጠይቃለሁ፣ ጋሼ። የእነዚህ ሰዎች ልብስ እውነተኛ ሆነ አልሆነ ለምን እንጨነቃለን? የሠሩት ሥራ ይታወቃል። ይጥፋ ቢባልስ?

ጋሼ፦ እኔም እነዚህን ነገሮች ስነካ እጄን እታጠባለሁ። ግን የሐሰት ዕቃ ማን እንደሚጠቀምበት አስብ። በ1995 ሃምቡርግ ያለው የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ተራው የጀርመን ጦር የፈጸመውን ግፍ የሚያሳይ የፎቶ ዐውደ ርእይ ከፈተ። ነገሩ እውነት ነበር። ጥቂት ፎቶዎች ግን መግለጫቸው ተሳስቶ፣ የሶቪየት የምስጢር ፖሊሶች የገደሏቸውን ሰዎች የሚያሳዩ ሆነው ተገኙ። በ1999 ዐውደ ርእዩ ተዘጋ፤ ታርሞ እስኪመለስ 2001 ሆነ። በዚያ መሀል «ሁሉም ውሸት ነው» ባዩ ስንት ጮኸ! ጥቂት የተሳሳተ መግለጫ ነው ይህን ሁሉ አፍ የከፈተው። የአንተም ሥራ መግለጫ መጻፍ ነው።

ወጣቱ፦ በሽያጭ ማውጫው ላይ የሚወጣውን ፎቶ በተመለከተ ደግሞ…

ጋሼ፦ ስዋስቲካውን ሸፍነው። ኮቱን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ የሚከለክል የለም፤ ምልክቱን በአደባባይ ማሳየት ግን በወንጀለኛ መቅጫው አንቀጽ 86ሀ ያስጠይቃል። ለጥናት፣ ለትምህርት፣ ለጥበብ ሲሆን የተለየ ነው። እናንተ ነጋዴዎች ናችሁ፤ አትከራከሩበት።

ወጣቱ፦ እሺ። ስለ ኮቱ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጋሼ፦ የሻጭ ቃል አታስገባ። «ብርቅ»፣ «አንድ ለእናቱ» አትበል። እንዲህ በል፦ «የ1940 ዓይነት የተራ ወታደር ኮት፣ የሙኒክ መጋዘን ማህተም፣ 1941። ኮሌታው በጊዜው በአረንጓዴ ጨርቅ የተለበጠ። የፋብሪካው ንስር ተነሥቶ በመኮንን ንስር የተተካ፤ የቀድሞው ስፌት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ስፌቱ በእጅ፣ ክሩ በአልትራቫዮሌት አያበራም።» ያየኸውን ጻፍ፤ ገዢው ራሱ ገልብጦ እንዲያየው። የለበሰው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ስለዚህ ስም የለውም በል።

ወጣቱ፦ ቆቡስ?

ጋሼ፦ «ኦሪጅናል የሜዳ ቆብ። ጎኑ ላይ የነበረው የውሻ ምልክት በኋላ የተጨመረ።» መነሻ ዋጋውንም ውሻ የሌለበት ቆብ በሚያወጣው ልክ አድርገው። ውሻዋን ለብቻዋ በፖስታ አድርገህ ከቆቡ ጋር ስጠው፤ ተመልሳ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ እንዳትገባ።